የአሰብ መንገድ እንቅልፍ

በአሰብ መንገድ ዘመን የከባድ መኪና ረዳት ጎማ ከመቀየርና ሸራ ከማሰር ሌላ አንድ ሥራ ነበረው፤ ሌሊት ሹፌሩን ማናገር። ከናዝሬት ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰርዶ አድርጎ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ጎዳና ቀን ጎማ ያፈነዳል፣ ሞተር ያፈላል። ስለዚህ ፊያት ኤን ትሬውን ከነተሳቢው የጫነ ሰው በረሃውን በሌሊት ማቋረጥ ይመርጣል። የሌሊቱ ጠላት ደግሞ እንቅልፍ ነው። ረዳቱ ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ያንጎራጉራል፤ ሹፌሩ መልስ ሲያሳጥር ትከሻውን ይነካዋል፤ ጭራሽ ዝም ካለው "ኧረ ጋሼ!" ብሎ ይጮኽበታል።

የልጆቼ አባት ጎልማሳነቱን የጨረሰው በዚህ መንገድ ላይ ነው። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዙሮ በጋላፊ በኩል ቀጠለ። እኔ በደራ ነርስ ሆኜ ነው ዕድሜዬን የሠራሁት፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈሩ ሲስተር ነው የሚለኝ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አስፋልት ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ በየሰፈሩ ሹፌርና ረዳት አይጠፋም። ስለ እንቅልፋቸው አብዛኛውን የሰማሁት በካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ሳይሆን ቡና ላይ ነው፤ ከሚስቶቻቸው። "ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ድርግም። ሞተ ብዬ ስነሳ ይንፈራገጥና ትንፋሹ ይመለሳል" ትለኛለች አንዷ። ሌላዋ ስኒዋን አስቀምጣ "የእኔም እንዲያው ነው" ትላለች።

ምክንያት ሲፈለግ መልሱ ቅርብ ነበር። ጫት የሚቅመውን ዱካክ ተጫነው ይሉታል። ትራሱ ሥር ቢላዋ ይደረግለታል፤ ጠበል የሚወሰድም ነበር። ወፈር ያለውን ደግሞ ተመችቶት ነው ብለው ያልፉታል፤ ድርቅ እየተመላለሰ በጎዳው ቆላ ውፍረት የሚያስደስት እንጂ የሚያሳስብ አልነበረም። ሕክምና የመጣውም ቢሆን ለራስ ምታት፣ ለደም ግፊት፣ ወይም "ቀን ቀን ድካም ድካም ይለኛል" ብሎ ነው። ግፊቱ ይለካል፣ ክኒን ይሰጠዋል፣ ይሄዳል። በካርዱ ላይ እንዴት እንደሚተኛ የሚጠየቅበት መስመር የለም። ሚስቱን አስገብቶ የሚጠይቅማ ከየት መጥቶ። ይህ ደግሞ የደራ ብቻ ጉድለት አልነበረም። የተኛን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ለዓለም ሕክምናም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1836 እና በ1837 ባሳተመው የፒክዊክ ልቦለድ ውስጥ በሄደበት ሁሉ የሚያንቀላፋ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1956፣ በርዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የመጽሐፉን ስም ለበሽታ ሰጡት። የጻፉለት ታካሚ ወደ 120 ኪሎ የሚጠጋ የሥራ ኃላፊ ነበር። ሰውየውን ሆስፒታል ያስገባው የካርታ ጨዋታ ነው፦ ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደርሶት፣ የጠረጴዛውን ገንዘብ ጠርጎ ሊወስድ ሲገባ፣ ካርታውን እንደያዘ እንቅልፍ ጣለው። ሐኪሞቹ ጥፋቱን በውፍረቱና በደሙ ውስጥ በተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ጣሉት። የነገሩ እምብርት ሌሊት ጉሮሮው ውስጥ እንደሆነ ግን ገና አልተደረሰበትም። ይህን ታሪክ ለልጆቼ አባት ስነግረው ካርታውን ትቶ "መኪና ይዞ ቢሆንስ?" ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይ ማርሴይ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ በጀርመን ፍራይቡርግ ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አስተኝተው የአንጎላቸውን ሞገድና ትንፋሻቸውን ሌሊቱን ሙሉ መዘገቡ። ያዩት የደራ ሴቶች ቡና ላይ የሚሉትን ነው። ሰውየው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ መተላለፊያው ይዘጋል። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ በአንድ ትልቅ ማንኮራፋት ጉሮሮው ይከፈታል፤ ተመልሶ ይተኛል፤ ተመልሶ ይዘጋል። ጠዋት ሲነሳ ስለዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በስታንፎርድ የነበረው ጊይሚኖና ባልደረቦቹ ስሙን አጸኑለት፤ ዛሬ ስሊፕ አፕኒያ የምንለው ነው። ቢያንስ 10 ሴኮንድ የሚቆይ መቋረጥ ወይም ከባድ መቀነስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ15 ሲያልፍ መካከለኛ፣ ከ30 ሲያልፍ ከባድ ይባላል።

ስሙ ቢገኝም መድኃኒቱ ጭካኔ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ኩሎና ባልደረቦቹ ያቀረቡት መላ አንገትን ከፊት በስቶ፣ ከተዘጋው ቦታ በታች በአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ማስገባት ነው። እኔ ይህን ቀዶ ሕክምና በተማሪነቴ አውቀዋለሁ፤ ጉሮሯቸው በበሽታ ለታፈነ ልጆች ይደረግ ነበር። ቱቦው በየጊዜው በማሽን ይመጠጣል፤ አክታ ከደረቀበት ሰውየው ይታፈናል፤ የውስጠኛው ቱቦ ወጥቶ ይታጠባል፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ይቆስላል። የእንቅልፍ ታካሚው ቀን ቀን ይደፍነዋል፣ ማታ ይከፍተዋል። ይሠራል፤ በእርግጥ ይሠራል፤ ሰውየው በመጀመሪያው ሌሊት ይተኛል። ግን አንድ ሹፌር አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ በአፋር አቧራ ውስጥ ሲነዳ አስቡት።

ነገሩን የለወጠው በሲድኒ የሮያል ፕሪንስ አልፍሬድ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ኮሊን ሱሊቫን ነው። ቀደም ሲል ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የውሾችን የእንቅልፍ ትንፋሽ ሲያጠና ለውሾች የሚሆን ጭምብል መሥራት ለምዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1980 አንድ የግንባታ ሠራተኛ ወደ እሱ መጣ። በሽታው የጸና ነው፤ የቀረበለት ምርጫ አንገቱን መበሳት ብቻ ነበር፤ ሰውየው ሌላ ነገር ካለ ልሞክር አለ። ሱሊቫን የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ወስዶ እንዳይስብ፣ ይልቁንም እንዲነፋ አድርጎ አዞረው። ቱቦውን ከአፍንጫ ጭምብል ጋር አገናኘ። ሰውየው ሲተኛ ትንፋሹ መቋረጥ ጀመረ፤ ግፊቱን ጥቂት በጥቂት ጨመረ፤ መቋረጡ ቆመ። ግፊቱን ቀነሰው፤ መቋረጡ ተመለሰ። ደግሞ ጨመረው፤ ቆመ። ሰውየው ወዲያው ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ገባ፤ ጠዋት ለብዙ ዓመታት ያላየውን ንቃት ይዞ ተነሳ። በአፕሪል 1981 ሱሊቫንና ባልደረቦቹ የአምስት ታካሚዎችን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ አንድ ቁጥር አለ። ለአምስቱ ሰዎች ያስፈለገው ግፊት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ከ4.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይደርስ ነበር። የማሽኑ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ቁጥር ጋር የሚደረግ ትግል ይመስለኛል። ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚባለው መለኪያ ለብዙ ሰው አይገባውም። እኔ የገባኝ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ሳንባቸው ያልጠነከረ ሕፃናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከአፍንጫቸው የሚወጣው ቱቦ ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ጠርሙሱ ላይ መስመር ተሰምሯል። ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ አረፋ እየሠራ የሚወጣው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ገፍቶ ነው፤ ያው ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ የሕፃኑን ሳንባ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። አረፋው ቆመ ማለት የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል ማለት ነው፤ ነርሷ ጆሮዋን ጥላ ነው የምትሠራው። አየርን በግፊት መስጠት ለሕፃናት የተጀመረው ከሱሊቫን በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ጆርጅ ግሬጎሪና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ 20 ሕፃናት ላይ ሞክረውት 16ቱ ተርፈዋል። ሲፓፕ የሚለውን የዚህን ዘዴ ስም ብዙ የአገራችን ነርሶች በመጀመሪያ የሰማነው ከሕፃናት ክፍል ነው፤ በኋላ ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል።

የሱሊቫን የመጀመሪያ ታካሚዎች ማሽኑን ቤታቸው ሲወስዱ ጭምብሉን በየማታው በሲሊኮን ሙጫ ፊታቸው ላይ ይለጥፉት ነበር። ሞተሩ ከባድ ነው፣ ጩኸቱም እንደዚያው። ያም ሆኖ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተዘጋጀ ማሽን ወጣ። በ1989 የሲድኒው ሥራ ራሱን ችሎ ዛሬ ሬስሜድ የሚባለው ኩባንያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሳንደርስና ከርን ሁለት ግፊት የሚሰጠውን አሳዩ፤ ሰውየው ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ከፍ፣ ወደ ውጭ ሲተነፍስ ዝቅ የሚለው ባይፓፕ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ወደ ውጭ መተንፈስ ለሚከብደው እፎይታ ነው። ቀጥሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሌሊቱን ትንፋሽ እያዳመጠ ግፊቱን ራሱ የሚያስተካክለው አውቶማቲክ መጣ። አየሩን የሚያረጥበው የውሃ ሳህን ተጨመረ፤ ቆላ ለሚተኛ ሰው ጉሮሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ማሽን መኖሩና ማሽን መጠቀም የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ክሪብስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በማሽኑ ውስጥ ድብቅ ቆጣሪ አስገብተው 35 ታካሚዎችን ተከታተሉ። ብዙዎቹ በየሌሊቱ እንጠቀማለን ብለው ነበር፤ ከአሥር ሌሊት በሰባቱ ቢያንስ አራት ሰዓት የተጠቀሙት ግን 46 በመቶው ብቻ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ከ2,700 በላይ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ጥናት ማሽኑ የልብ ድካምንና ስትሮክን አልቀነሰም ብሎ ብዙዎችን አሳዘነ፤ ተጠቃሚዎቹ በሌሊት በአማካይ 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር የለበሱት። እንቅልፋምነታቸው ግን ቀንሷል፣ ስሜታቸውም ተሻሽሏል። በእኔ እምነት ማሽን የመቀየር ነገር ሁሉ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ማሽን የሚጠቅመው ሰውየው እስኪነጋ አፍንጫው ላይ የሚያቆየው ከሆነ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ከአዳማም ሆነ ከአሰላ የእንቅልፍ ሕመምተኛ ሲላክ የሚላክበት በር ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ማሽኑ በሆስፒታል በኩል ከመምጣቱ በፊት በሻንጣ መጣ። አሜሪካ ያለች ልጅ፣ ካናዳ ያለ ወንድም፣ በጓደኛ እጅ ይልካሉ። መላካቸው የፍቅር ነው፤ ቡርሳው ውስጥ ያለው ግን አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው ማሽን ነው፣ የሌላ ሰው ግፊት ተሞልቶበት።

እኛም ቤት እንዲሁ ነው የገባው። የልጆቼ አባት ጡረታ ሲወጣ እንቅልፉ አብሮት አልወጣም። ዜና እያየ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ቅዳሴ ቆሞ ያንቀላፋል። እኔ ደግሞ ሌሊት የእጅ ሰዓቴን ይዤ፣ ምት እንደምቆጥር ሁሉ ዝምታውን እቆጥር ነበር። ሠላሳ ሴኮንድ፣ አንዳንዴ አርባ። ሚኒሶታ ያለው ልጃችን ይህን ሲሰማ የሥራ ባልደረባው አዲስ ገዝቶ ያስቀመጠውን የድሮ ማሽን ላከ። ከፍቼ ብርሃኑን ሳበራው 14 ይላል። አስራ አራት የማን ነው? የዚያ ሰው ነው። የልጆቼ አባት ጭምብሉን ለመሞከር ቸኩሎ ነበር፤ እኔ ግን ማሽኑን ከነቡርሳው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ቀጠሮ አስያዝኩለት። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ለአንድ ሌሊት የሚታሰር ትንሽ መቅጃ ሰጠን፤ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ። ውጤቱ በሰዓት 41 መቋረጥ፤ ኦክስጅኑ እስከ 74 በመቶ ወርዷል። ከክትትል በኋላ የተሰጠው ግፊት 9 ነው። በ14 ቢተኛ አየሩ በጭምብሉ ጠርዝ ያመልጣል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ በሳምንቱ አውልቆ ይጥለዋል፤ ከዚያ "ሞክሬው አልሆነልኝም" ይላል። ስንት ሰው ይህን እንዳለ ሳስብ ያመኛል።

ማሽኑ ሌላም ጉዳይ ነበረው፤ የምድር ከፍታ። አየሩን የሚገፋው የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ ያንኑ ግፊት ለማውጣት ማራገቢያው በፍጥነት መዞር አለበት። የድሮዎቹ ማሽኖች ይህን በራሳቸው አያውቁም፤ ባለቤቱ 1፣ 2 ወይም 3 ብሎ መምረጥ አለበት። አንደኛው እስከ 760 ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ ሦስተኛው እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ሚኒሶታ ሜዳ ነው፤ ማሽኑ የመጣው 1 ላይ ሆኖ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር አካባቢ ናት፣ አሰላ ወደ 2,400፣ ደራ በመካከላቸው ከቆላው ጠጋ ብላ። ስለዚህ ለእኛ 3 ነው። አዲስ አበባ ልጆቹ ጋ ሲያድር ግን ከተማዋ ከሦስተኛውም ጣሪያ በላይ ናት። እንግዲህ ይህን መሣሪያ የሠሩት ሰዎች ዋና ከተማችንን በሐሳባቸው አላስገቧትም ማለት ነው። ደጋችን እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ማሽን የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር።

ከዚያ መብራት። ደራ የምትገኘው ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሰጠው ከአዋሽ ወንዝ አጠገብ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ፤ ከሱ በታች፣ መልካሳ አካባቢ፣ አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ሥራ ጀመሩ። ከአዳማ ዳርቻ ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። ሽቦው በላያችን ያልፋል። መብራት ግን ይሄዳል፤ በተለይ ነፋስና ዝናብ ባለበት ሌሊት። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰውየው ጭምብሉን አውልቆ ይተኛል፣ ሌሊቱ ወደ ድሮው ይመለሳል። እዚህ ላይ የሹፌርነት ዕውቀት ጠቀመን። አሮጌው ማሽን በ12 ቮልት ይሠራ ስለነበር የልጆቼ አባት ከመኪና ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ትክክለኛ ገመድ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀመጠው። የውሃ ማሞቂያው ከጠፋ ባትሪው እስከ ንጋት ያደርሳል፤ ኃይል የሚበላው ማሞቂያው ነው እንጂ ማራገቢያው አይደለም።

ሰኔ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ልጃችን ደውሎ የማሽናችሁን ስምና ቁጥር ንገሩኝ አለ። በዚያ ቀን ፊሊፕስ ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሲፓፕ፣ የባይፓፕና የቬንቲሌተር ማሽኖቹን እንደሚመልስ አስታውቆ ነበር። ምክንያቱ ድምፅ ለማፈን ውስጣቸው የተደረገው ስፖንጅ ነው። ፖሊስተር ላይ የተመሠረተ ፖሊዩሬቴን ሲሆን፣ እየተሰባበረ ቅንጣቱና ጋዙ ወደ ታካሚው አየር ሊገባ ይችላል ተባለ። ሙቀትና እርጥበት፣ እንዲሁም በኦዞን ማጽዳት ያባብሱታል። ከሱሊቫን የሚጮህ ሞተር ጀምሮ ሠሪዎቹ አርባ ዓመት የለፉት ድምፁን ለማጥፋት ነው፤ ሚስት እንድትተኛ፣ ታካሚው እንዳያፍር። ያ ልፋት ነው አዲስ ሥጋት ይዞ የመጣው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ታካሚዎች ተተኪ ማሽን ለማግኘት ብዙ ወራት ጠበቁ። ማቆም ይሻላል ወይስ መቀጠል የሚለው ለሐኪሞችም ቀላል አልነበረም፤ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ማሽኑን በድንገት መተውም አደጋ ነውና። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ጥፋቱን ሳያምን ለአሜሪካ የጉዳት ክሶች 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የእኛው ማሽን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ የሌላ ሠሪ ነው። ግን በሻንጣ የመጣን መሣሪያ ማን መዝግቦ ይዞት "ያንተ ተጠርቷል" ብሎ ይደውላል? ልጅ የሌለው ሰው ይህን ከማን ይሰማል? የማስመጣቱን ነገር ሆስፒታሎቻችን ይያዙት የምለው ለዚህ ነው።

የልጆቼ አባት ማሽኑን በአዲስ የቀየረው የድሮው አርጅቶ ማራገቢያው ማጓራት ሲጀምር ነው። አዲሱ አውቶማቲክ ነው፤ ከፍታውን ራሱ ያውቃል፣ እስከ 2,590 ሜትር አካባቢ ይሠራል። ከፋብሪካ ሲወጣ ከ4 እስከ 20 ክፍት ነው። በዚህ ስፋት የተኛ ሰው መጀመሪያ በ4 አየር ያጥረዋል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ማሽኑ ተንደርድሮ ከፍ ሲል ይነቃል። ሐኪሙ ከ7 እስከ 11 አጠበበው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች "የድሮው ይሻለኛል፣ ይህ ይጎትተኛል" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የሁለት ሠሪዎች ማሽን አነፋፈሱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ወደ ውጭ ሲተነፍስ ይላላል፣ ሌላው አይላላም፤ ግፊት ለመጨመር አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ማሽን የቀየረ ሰው ሁለት ሳምንት ተኝቶበት ካርዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት። የእኛ ካርድ ሲነበብ ቀሪው መቋረጥ በሰዓት 3 ነበር፤ አየሩ ግን በአገጩ በኩል ያመልጣል። የተቀየረው የጭምብሉ መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላማረረም። የባትሪው ገመድም መቀየር ነበረበት፤ አዲሱ 24 ቮልት ይፈልጋል። የከባድ መኪናም 24 ቮልት አይደል ብሎ በቀጥታ ሊያገናኘው ዳድቶት ነበር፤ ቮልቱን አስተካክሎ የሚሰጠውን መቀየሪያ ገዛን።

ውሃውን ሳልጠቅስ አልለፍ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድና ማዕድን የበዛበት ነው፤ የወንጂን ልጆች ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ሳህኑ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከተደረገ በሳምንት ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣም፣ ውሃው በተነነ መጠን ያከማቸዋል እንጂ። ዲስቲልድ ውሃ ከመድኃኒት ቤት እናስመጣለን፤ ሲጠፋ ሳህኑን ባዶ አድርገን በደረቁ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቶሮንቶ ውስጥ ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቿ ይህን በሽታ ለመጠርጠር ያወጡት ስምንት ጥያቄ አለ፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የአንገት ውፍረት፣ ወንድነት። ሜትርና እርሳስ ይበቃዋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ እንደ አሰብ መንገድ ጉድጓዱ አይቀሰቅስም፣ ብዙው ሹፌርም የሚያናግረው ረዳት የለውም። መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ዓይን ይታያል። እነዚህ ስምንት ጥያቄዎች ለምን አብረው አይጠየቁም? ከሹፌሩ ይልቅ ሚስቱ ብትጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ትክክለኛ መልስ ይገኛል።

የድሮው ማሽን ማራገቢያው ተቀይሮለት ተቀምጦ ሳለ አንድ የቦሎቄ ነጋዴ ጎረቤታችን መጣ። "ሲስተር፣ ጋሼ ከተወው ለእኔ ይሁን፤ ባለቤቴ አላስተኛ አልኳት" አለኝ። አንገቱን በሜትር ለካሁት፤ 44 ሴንቲ። ከስምንቱ ጥያቄ ስድስቱን አዎ አለ፤ ሰባተኛውን ሚስቱ መለሰችለት። ማሽኑን ሳልሰጠው የሐኪሙን አድራሻ ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ ውጤቱን ይዞ ተመለሰ፤ በሰዓት 26፣ የታዘዘለት ግፊት 7። አዲስ ጭምብል፣ አዲስ ቱቦና አዲስ ማጣሪያ በራሱ ገንዘብ ሲገዛ ማሽኑን ሰጠሁት። 9 የነበረውን ሐኪሙ ወደ 7 አወረደለት፤ ከፍታው 3 ላይ መሆኑን እኔው አየሁለት።